ከእሬቱ ሥር የተኛው ድንጋይ

ኪርር… ኪርር… ኪርር…

አፈር የሚጭር ማንኪያ ነው። ድምቢጥ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የምሳ እረፍቷን እያጣጣመች ስለነበር ድምፁን የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። እናቷ ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ጥግ ከተደረደሩት የአበባ መትከያዎች በአንዱ ፊት ተንበርክካ፣ ሰባት ቀን የተኛ ድንጋይ እየቀሰቀሰች ነው። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማንኪያው ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ኪርር ይልና ድንጋዩን ሲያገኘው ቀጭ ይላል። ከዚያ እናቷ ጎንበስ ብላ «ደህና አደርክ?» ትለዋለች።

ዛሬ ኪርሩ አሥራ ሁለት ደረሰ። አሥራ አምስት አለፈ። ከዚያ ቆመ። ቀጭ ግን አልመጣም።

ድምቢጥ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

እንዲህ በትንሽ ነገር የምትባንን ልጅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ቁመቷ ግን አሥራ አንድ ላይ ቆሞ የቀረ ይመስላል። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥም አይሆንላትም። ድምቢጥ የተባለችው ለዚህ ነው። ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሰው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የእናቷን ሥራ ደግሞ በአንድ ቃል መጥራት ይቸግራል። በከተማው ውስጥ ጧት ሥራ ከመግባታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው በዝምታ የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው እንዳይበተን በእጃቸው ክሪስታል ይይዛሉ። ድንጋዩም ውሎ ሲያድር እጅ ያፈሰሰበትን ሁሉ፣ ንዴቱን፣ ስጋቱን፣ እንቅልፍ ያጡበትን ሌሊት እየጠጣ ይሞላል ይላሉ። ያን ጊዜ «ከበደኝ» ብለው ወደ ድምቢጥ እናት ያመጡታል። እሷም በነጭ ጨርቅ ተቀብላ፣ አጽድታ፣ አሳርፋ ትመልስላቸዋለች። ደንበኞቿ ሲቀልዱ የድንጋይ ሞግዚት ይሏታል። አልተሳሳቱም፤ ድንጋዮቹ እንደ ልጆች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጥርት ያለው ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ መታጠብ ይወዳል። ሮዛው ፀሐይ ላይ ከተረሳ ቀለሙ ይሸሻል። ነጩ፣ ክር ክር የሚለው፣ ውሃ ከነካው ስለሚሻክር ከነሐስ ሳህን ሥር ይቀመጥና ሳህኑ ይመታለታል፤ ገላውን በድምፅ ይታጠባል ማለት ነው። ጢስ የመሰለው ግን አፈር ካልሆነ አያርፍም። ግቢ ስለሌላቸው እናቷ ደረጃው ላይ ባሉት መትከያዎች ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ከበላዩ ያለው ተክል ላይ ደግሞ ቀይ ክር ታስራለች።

ሕጓ አንድ ነው። ያረፈን ድንጋይ ከባለቤቱ በቀር ባዶ እጅ አይነካውም። እሷ ራሷ ጨርቁን ከማንሳቷ በፊት ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍትና ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሚፈስሰው ውሃ ትነግረዋለች። ከዚያ ዘግታ፣ እጇን አድርቃ ትመጣለች። የድምቢጥን የሂሳብ ውጤት ከማንም ቀድሞ የሰማው ያ ቧንቧ ነው።

ድምቢጥ በሩን ከፍታ ወጣች። እናቷ እስከ አንጓዋ አፈር ነክቷት፣ ነጩን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እሬቱን ትኩር ብላ እያየችው ነው።

«ሁለት እሬት ነበረን አይደል?» አለች፣ ሳትቆጣ።

«ነበረን።»

«አንደኛውስ?»

ድምቢጥ ባዶውን ቦታ አየችው። ሰኞ ዕለት ነው፤ ለክፍሎች የአትክልት ውድድር እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ተክል ይዞ እንዲመጣ ተነግሮ፣ እሷም ደህና የመሰላትን እሬት ታቅፋ ሄዳለች። ሕጉን የማታውቅ ሆና አይደለም። ክር እንደሌለበት ዙሪያውን አይታለች።

«ትምህርት ቤት ነው። ግን ክር አልነበረበትም፤ እማ ትሙት» አለች፤ የምትምለው ለራሷ ለእማ መሆኑ ትዝ ሳይላት።

እናቷ በራሷ መሞት አልተከፋችም። ከመውሰዷ በፊት ተክሉን ነክታው እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻት። ድምቢጥም አልነካሁትም ልትል አፏን ከፈተችና ቆመች። ለውድድር እንዲያምር ብላ ከግድግዳው በኩል የነበረችውን አንዲት የደረቀች ቅጠል ቀጥፋ ጥላለች። በዚያው ዕለት፣ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ እጅጌዋ ላይ ቀይ ክር አግኝታ፣ በጣቶቿ አድቦልቡላ የጓደኛዋ ማጅራት ላይ አፈናጥራዋለች። ክሩ የታሰረው በዚያች ቅጠል ላይ ኖሯል፤ ሁለቱን ነገሮች ያገናኘቻቸው አሁን ገና ነው። ክው አለች።

እናቷ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧው ተከፈተ። ድምቢጥ በሕይወቷ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሲፈስስ ሰምታ አታውቅም። እናቷ ስትመለስ ግን ፊቷ ተረጋግቶ ነበር። ድንጋዩ የእትዬ ሾፌር መሆኑን ነገረቻት።

ድምቢጥ እትዬ ሾፌርን ታውቃቸዋለች። የከተማ አውቶቡስ የሚነዱ፣ ሲስቁ ደረጃው የሚንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። ከሦስት ወር በፊት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላቸውና አውቶቡሱን አሸዋ ክምር ውስጥ ሰክተው አቆሙት። ከአንዲት ተሳፋሪ እንቁላል በቀር የተሰበረ ነገር አልነበረም። የእሳቸው ልብ ግን ተሰበረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢሮ ተቀምጠው ትኬት ሲቆጥሩ ነው የከረሙት። ነገ ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሪው ይመለሳሉ፤ በዚያው መስመር፣ በዚያው ቁልቁለት። ድንጋዩን ያስተኙት ለዚህ ነው። ጧት ለሩብ ሰዓት ይዘውት ተቀምጠው ሊሄዱ።

እናቷ መቅረት አትችልም። ከከተማው ዳር በዝምታ የሚቀመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች እሷንና የነሐስ ሳህኗን እየጠበቁ ነው፤ የምትመለሰውም አመሻሽ ላይ ነው። እትዬ ሾፌር የሚመጡት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እናቷ ነጩን ጨርቅ አጥፋ ለድምቢጥ ሰጠቻት።

«በዚህ አምጪው። እጅ እንዳይነካው።»

ድምቢጥ መንገዱን በሩጫ ስትጨርሰው ያስጨነቃት ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። እዚህ ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብለው ሲጠይቋት «ማዕድን ላይ ነው የምትሠራው» ብላ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ውሃ እንዳገኘ ባቄላ ያድጋል። በሁለተኛው ወር እናቷ የብረት ቆብ አድርጋለች። በሦስተኛው ወር ዋሻ ገብታለች። የሳይንስ መምህሩ ደግሞ አንድ ቀን መጥተው ስለ ዐለቶች ያስረዱን እያለ በየሳምንቱ ይጠይቃታል፤ እሷም በየሳምንቱ መስክ ወጥታለች ትለዋለች። በእሷ አነጋገር እናቷ ቤቷ ገብታ አታውቅም።

ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ሌላ ጉድ ጠበቃት። የክፍሉ የአትክልት ኮሚቴ ትናንት ከትምህርት በኋላ ሠላሳ አራቱንም ተክሎች ከየመትከያቸው ነቅሎ፣ አፈራቸውን ደባልቆ፣ ጥበቃው በሠሩት ረጅም የእንጨት ሣጥን ውስጥ በሰልፍ ተክሏቸዋል። በእርግጥ ያምራል። እሬቷ መካከል ላይ ደረቷን ነፍታ ቆማለች። ድንጋዩ ግን ከሣጥኑ በየትኛው ጫፍ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዳኞቹ የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መለከትን ጎትታ ወደ ሣጥኑ ጀርባ ወሰደቻት። መለከት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ጉድለቷ ሹክሹክታዋ ሁለት ክፍል አቋርጦ መሰማቱ ነው።

«ዝም ብለሽ ቆፍሪ» አለቻት ድምቢጥ፣ ማስመሪያ እየሰጠቻት።

«ምንድነው የቀበርሽው?» ብላ መለከት አንሾካሾከች። ከመስኮቱ ሦስት ራሶች ብቅ አሉ።

«አቦ ቀስ በይ።»

«ቀስ ብዬ እኮ ነው!» አምስት ራሶች ሆኑ።

አንዷን ጽጌረዳ አዘንብለው፣ የሁለተኛዋን ሥር በማስመሪያ እየፈተሹ ሳለ ከኋላቸው ጫማ ቆመ። ተማሪዎቹ መምህር ለምን የሚሉት የሳይንስ መምህር ነው። ወጣት ነው፤ ሲቆጣም ሲደሰትም የሚናገራት አንዲት ቃል ስላለችው ነው ይህን ስም ያተረፈው።

«ለምን?» አለ አሁንም፣ ሣጥኑን እያየ።

ድምቢጥ ምላሷ ጫፍ ላይ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፦ የጆሮ ጌጥ ጠፍቶብኝ ነው። የሚጣፍጥ መልስ ነበር። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ታያት። የጆሮ ጌጥ ካለች ክፍሉ ሁሉ የጆሮ ጌጥ ይፈልጋል፤ ድንጋዩን ያገኘ ሰው ደግሞ ድንጋይ ነው ብሎ ከአጥር ውጭ ይወረውረዋል።

«ድንጋይ ነው የምፈልገው፣ ቲቸር» አለች። «ጢስ የመሰለ ክሪስታል። የሰው ነው።»

«አፈር ውስጥ ለምን ገባ?»

«እንዲያርፍ።»

«ለምን?»

በዚህ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ወጥቶ ዙሪያቸውን ከብቧል። ድምቢጥ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች። ምድሯ ግን በሣጥን ውስጥ ስለነበረች ለዚህ አልበቃችም።

«እናቴ ዋሻ አትገባም» አለች። «የብረት ቆብም የላትም። በዝምታ የሚቀመጡ ሰዎች ድንጋያቸውን ያመጡላታል፤ እሷ ታጥብላቸዋለች። የሚተኛውን ታስተኛዋለች።»

ከዚያ ጃርት የሚባለው ልጅ፣ ፀጉሩ እንደ ስሙ ወደ ላይ የቆመ፣ ሙድ መያዝ የሚወድ፣ ጣቱን አነሣ።

«እሹሩሩ እያለች?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ድምቢጥ ፊቷ ጋለ፤ አልቅሺ አልቅሺ አላት። ነገር ግን እናቷ መትከያው ላይ ጎንበስ ብላ፣ አፈሩን በጣቷ እየደለደለች፣ በአፍንጫዋ የምታንጎራጉረው ትዝ አላት። እሹሩሩ ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል ነው?

«አንዳንዴ አዎ» አለች፤ ከንፈሯም ሳታዝዘው ፈገግ አለ።

ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ሌላ ሳቅ ነበር፤ እሷም ውስጡ ነበረች። መለከት የማን እናት ናት ታዲያ እንዲህ ዓይነት ቀሽት ሥራ ያላት ብላ ጮኸች። ከኋላ አንዱ ድንጋይ ያንኮራፋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ድምቢጥም ከዚያ በፊት ለአንድ ሰው እንኳ ተንፍሳ የማታውቀውን ሁሉ፣ የሮዛውን ድንጋይ የፀሐይ ፍርሃት፣ የነጩን የውሃ ጥላቻ፣ በመጨረሻም ነገ ቁልቁለቱን ስለሚወርዱት ሾፌር እየተንተባተበች ነገረቻቸው።

መምህር ለምን ሰዓቱን አየ። ድንጋይ ያርፋል ወይስ አያርፍም የሚለውን ሌላ ቀን እንከራከርበታለን፤ እኔ በበኩሌ ብዙ ጥያቄ አለኝ፤ የሰው ዕቃ አፈር ውስጥ ሲጠፋ ግን ይፈለጋል እንጂ ለምን አይባልም አለ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁሉም የየራሱን ተክል ይዞ ከሥሩ እንዲፈትሽ አዘዘ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ምንም ያላጠፉት ሠላሳ አራት ተክሎች ሥራቸው ተገልብጦ ወጣ። አፈሩ በእጅ፣ በማስመሪያ፣ በምሳ ዕቃ ክዳን ተዛቀ። ጓል በተገኘ ቁጥር ሁሉም «ይሄ ነው?» እያለ ለድምቢጥ ያሳያታል። እሷም ጨርቁን ዘርግታ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች፤ ካገኛችሁት በእጃችሁ እንዳትነኩት፣ በዚህ ያዙት እያለች ትለምናለች። የሚሰማት ግን አልነበረም።

ያገኘው ጃርት ነው። «ይሄ ነገር ወይ ድንች ነው ወይ ድንጋይ ነው» አለና አጠገቡ ወዳለው የግቢ ቧንቧ ወስዶ አጠበው። ጭቃው ሲለቅለት ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ብርሃኑ በድንጋዩ ውስጥ አልፎ ፊቱ ላይ እንደ ወፍራም ሻይ ያለ ቡናማ ጥላ ጣለበት። ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ነገር አጣ።

«እኔም ልየው» አለ አንዱ። «እኔም።» «እኔስ?»

በቃ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አንዷ ራሷን አሟት ስለነበር ግንባሯ ላይ ለጠፈችው። አንዱ የሂሳብ ፈተናውን ነገር አደራ አለው። ቁመተ ረጅሟ የኳስ ተጫዋች አገጯ ሥር ይዛው ቀዝቃዛ ነው ብላ እንደ ሕፃን ተንከተከተች። መለከት ወደ አፏ አስጠግታ ምስጢር ነገረችው፤ ስለ ጃርት ነበር፤ ሁሉም ሰማ። ጃርት እንደ ቲማቲም ቀልቶ ሣጥኑ ጀርባ ተደበቀ። ሁሉም ጭቃ በጭቃ ነው፤ ሁሉም ይስቃል። የመጨረሻው መምህር ለምን ነበር። ድንጋዩን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፀሐይ አድርጎ አየውና መመለሱን ረሳው። ቆይቶ ቆይቶ ከኋላ አንድ ድምፅ «ቲቸር፣ ለምን?» ሲለው እሱም በሳቅ ተሸነፈ።

ዳኞቹ የደረሱት ልክ ያን ጊዜ ነው። ርዕሰ መምህሯና ሁለት እንግዶች፣ ማስታወሻቸውን እንደያዙ፣ የዝሆን መንጋ የተራመደበት የሚመስለውን ሣጥን አዩ። በጀርባቸው የተንጋለሉትን ጽጌረዳዎች አዩ። ርዕሰ መምህሯ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

«ተክሎቹን እያሳረፍናቸው ነው» አለ ጃርት።

ከሰባት ክፍል ሰባተኛ ወጡ። ስምንት ክፍል ቢኖር ኖሮ ስምንተኛ ይወጡ ነበር። የሚገርመው፣ አንደኛ የወጡት ልጆች እስኪቀኑባቸው ድረስ ከግቢው እየዘመሩ ነው የወጡት።

ድምቢጥ ቤት ስትደርስ ግን ብቻዋን ነበረች። ድንጋዩን እንደገና አጠበችው፤ በጨርቁ አደረቀችው። አበራ። እናቷ ከአፈር ካወጣቻቸው ሁሉ ይኸኛው ያበራል። እጅ እንዳይነካው የተባለውን ድንጋይ ሠላሳ አራት ጥንድ እጅ ነክቶታል፤ የመምህሩ ሲደመር ሠላሳ አምስት። በእናቷ ሕግ ይህ ድንጋይ እንደገና ሰባት ቀን መተኛት አለበት። የእትዬ ሾፌር ቁልቁለት ግን ነገ ጧት ነው።

ቧንቧውን ከፈተች። «እንግዲህ…» አለችው። ውሃው ፈሰሰ። የምትነግረው ነገር ግራ ገባትና ዘጋችው።

ማን ያውቃል? ድንጋይ አይናገርም። እናቷም ስትመጣ ሰጠሻቸው ወይ ነው የምትላት፤ እሷም አዎ ትላለች፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። እትዬ ሾፌርም ልባቸው ሞልቶ መሪያቸውን ይይዛሉ። ማንም አይጎዳም። ይህን እያሰበች ሳለ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ሾፌር የመሥሪያ ቤታቸውን ጃኬት ለብሰው ነበር የመጡት። በሩን ሞልተውት ቆመው ሞግዚቷ የለችም ወይ አሉ፣ አለመኖሯን ሲሰሙ ግን ድምቢጥ እያለች ማን ጎደለ ብለው ገቡ። ድምቢጥ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። እሳቸው ወዲያው አላነሡትም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዛሬ ያደረጉትን ነገሯት። ጋራዥ ሄደው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው፣ ወንበሩን ለቁመታቸው አስተካክለው፣ መስታወቱን ወልውለው፣ ከዚያ ቁልፉን ማዞር አቅቷቸው ወርደው መጡ።

«እግሬ የልብስ ስፌት መኪና ሆኖብኛል» አሉ፣ እየሳቁ። «ብቻዬን አንድ ሱሪ ሰፍቼ ነው የወጣሁት።»

ድምቢጥ ሳቀች። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ቶሎ ጨረሱት። ጨርቁን በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«ነገ ጧት ይህን ይዤ ከተቀመጥኩ ደህና እሆናለሁ። እናትሽ በደንብ አሳርፋዋለች አይደል? ንጹሕ ነው?»

ንጹሕ ነው ማለት ቀላል ነበር። ሁለት ጊዜ ታጥቧል። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ድምቢጥ ይህን ዓይነቱን መልስ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ገና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው ከጀርባዋ ያወረደችው። የእትዬ ሾፌርን ፊት አየች። ሰፊ ፊታቸው እሷን አምኖ እየጠበቀ ነው።

«አላረፈም፣ እትዬ» አለች። «በእኔ ጥፋት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። የደረቀችውን ቅጠል፣ ክሩን፣ ሣጥኑን። የሚያስደነግጠውን ዘልላ የሚያስቀውን ብቻ ልትነግራቸው ትችል ነበር፤ ግን አልዘለለችም። ማን በግንባሩ እንደነካው፣ ማን በአገጩ፣ ማን የሂሳብ አደራ እንደሰጠው፣ ማን ስለ ማን ምን እንደነገረው፣ መምህሩ እንዴት መመለሱን እንደረሳ አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው። በሕጉ መሠረት እንደገና ሰባት ቀን እንደሚያስፈልገው፣ እሳቸው ካሉ አሁኑኑ እንደምትቀብረውና እንደ ዓይኗ ብሌን እንደምትጠብቀው፣ ለነገ ግን እንደማይደርስ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ትንፋሿ አልቆ ነበር።

እትዬ ሾፌር ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

«ሁሉም ነኩት?»

«ሁሉም። ቲቸርም።»

«ሲነኩት ምን ይሉ ነበር?»

ድምቢጥ አሰበች። የተጨነቀ፣ የተቆጣ፣ ያዘነ ሰው ፈለገች። አንድም አጣች።

«ይስቁ ነበር» አለች።

እትዬ ሾፌር ጨርቁን ገለጥ አደረጉት። ድንጋዩን ጥቂት አዩት። ከዚያ በባዶ እጃቸው አነሡት፤ ጨርቁን አራት ቦታ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት፤ ድንጋዩን ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ እጃቸውንም እዚያው ተዉት። ድምቢጥ ልክ ሠርታ እንደሆነ ወይም አጥፍታ እንደሆነ የሚነግራት ቃል ከአፋቸው እስኪወጣ ጠበቀች።

እሳቸው ግን ተነሡ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው ገፉ፤ ድንጋዩን በኪሳቸው እንደጨበጡ ወጡ።